የሙያ መጽሐፍን በተገቢው ዋጋ ለመግዛት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በአፕሪል ወር በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርስቲ፥ በማይክል አይዘን የምርምር ክፍል የሚሠራ አንድ ወጣት ሳይንቲስት ስለ ዝንብ አፈጣጠር የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ለመግዛት ፈልጎ አማዞን የተባለውን የኢንተርኔት መደብር ከፈተ። መጽሐፉ ፒተር ሎውረንስ የጻፈውና በ1992 የታተመው ነው። ለአዲሱ ቅጂ የተጠየቀው ዋጋ ግን ከ1 ሚሊዮን 730 ሺሕ ዶላር በላይ ነበር። ሁለተኛው ሻጭ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር አሳልፎ ይጠይቅበታል። የክፍሉ ሰዎች ነገሩን ቀልድ መስሏቸው በየቀኑ ቢመለከቱት ዋጋው እየናረ ሄዶ በወሩ በ18ኛው ቀን 23 ሚሊዮን 698 ሺሕ 655 ዶላር ከ93 ሳንቲም ደረሰ።

ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የሒሳብ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ሻጭ ዋጋውን ምንጊዜም ከሁለተኛው ሻጭ ዋጋ 0.9983 እጅ እንዲሆን ኮምፒዩተሩን አዝዞታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከአንደኛው 1.270589 እጥፍ እንዲሆን አዝዟል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ሰው ሳያያቸው እርስ በርሳቸው እየተያዩ ዋጋውን በየዙሩ ከሩብ በላይ ያሳድጉት ነበር። የሚያስደንቀው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቱ መጀመሪያ በከፈተው በዚያው ገጽ ላይ፥ ከሚሊዮኖቹ አጠገብ፥ ያገለገለ ቅጂ በ35 ዶላር ከ54 ሳንቲም ይሸጥ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለማሳቅ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችንና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን በኢንተርኔት መደብር ላይ የተጻፈ ዋጋ የተቈረጠና የማይነቃነቅ ዋጋ ይመስላቸዋል። መርካቶ ሲወርዱ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቁ አንድ ጫማ የማይገዙ ሰዎች፥ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ ግን መጀመሪያ ያዩትን ዋጋ አምነው ይከፍላሉ፤ ወይም ተስፋ ቈርጠው መጽሐፉን ይተዉታል። የኢንተርኔቱም ገበያ ገበያ ነው፤ ልዩነቱ የሚከራከረው ሰው ሳይሆን ማሽን መሆኑ ነው። ስለዚህ የሙያ መጽሐፍ፥ ይልቁንም የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራርን የሚያስተምር መጽሐፍ የሚፈልግ ወጣት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነገሮች ከዚህ በታች በየተራቸው እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸውም ዘመናት «ዓ/ም» ካላልን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፥ መጽሐፉ በነጻ የሚገኝ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በፕሮግራም ሙያ ውስጥ ደራሲዎቹ ራሳቸው ፈቅደው በድረ ገጻቸው ላይ በነጻ የሚያስነብቧቸው እጅግ ጠቃሚ መጻሕፍት አሉ። አለን ዳውኒ ለጀማሪዎች የጻፈው «ቲንክ ፓይተን»፥ አል ስዋይጋርት የቢሮን አሰልቺ ሥራ በኮምፒዩተር ስለ ማሠራት የጻፈው መጽሐፍ፥ የማራይን ሃቨርቤክ «ኤሎኩዌንት ጃቫስክሪፕት»፥ የስኮት ቻከንና የቤን ስትራውብ «ፕሮ ጊት» በታተመው ጥራዝ ሲሸጡ ዋጋ አላቸው፤ በኢንተርኔት ለሚያነባቸው ግን ምንም አያስከፍሉም። በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩበት የኖሩት የአቤልሰንና የሰስማን ታላቅ መጽሐፍም እንዲሁ በነጻ ይነበባል። እነዚህን ሳይመረምር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ምንጩ ከደጁ እያለ ውሃ የሚገዛ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር የእትሙ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ የደረሰውን አንድ ነገር እንናገር። የምናውቀው አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮ ሰዓት በኋላ የፕሮግራም ሙያ ለመማር ቈርጦ ተነሣ። ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ፥ በዋሽንግተን የምትኖር የአክስቱን ልጅ ለምኖ፥ ስለ ፓይተን የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አስገዛ። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ስለ ነበረ እጅግ ደስ ብሎት ነበር። መጽሐፉ ከሦስት ወር በኋላ በሰው ሻንጣ ገብቶ ደረሰው። በዚያው ምሽት የመጀመሪያውን ምሳሌ በኮምፒዩተሩ ላይ ቢጽፈው አልሠራም፤ ደግሞ ቢጽፈውም አልሠራም። ጥፋቱ የእርሱ መስሎት አንድ ሳምንት ሙሉ ሲደክም ሰነበተ። በመጨረሻ ነገሩን የሚያውቅ ጓደኛው መጥቶ ቢመለከት መጽሐፉ የተጻፈው ለሁለተኛው ፓይተን ነው። በሁለተኛው ፓይተን «ፕሪንት» የምትለው ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ትጻፍ ነበር፤ ሦስተኛው ፓይተን ግን ያለ ቅንፍ አይቀበላትም። ሁለተኛውን ፓይተን ባለቤቶቹ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ መንከባከባቸውን አቁመዋል። መጽሐፉ የረከሰው ለዚህ ነበር። ያ ወጣት ያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሁም» ብሎ ትምህርቱን ሊተው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ይሁን እንጂ አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ከርኒሃንና ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1978፥ ሁለተኛው እትም የወጣው በ1988 ነው፤ ሦስተኛ እትም አልወጣለትም። ስለዚህ የ1988ቱን እትም ያገለገለ ቅጂ በርካሽ የሚገዛ ሰው አዲሱን በውድ ከገዛው ጋር አንድ ዓይነት ቃል ያነባል። መጠንቀቅ ያለበት የ1978ቱን እንዳይገዛ ነው፤ ምክንያቱም የቋንቋው ደንብ ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል። እንዲሁም «ኢንትሮዳክሽን ቱ አልጎሪዝምስ» የተባለው ዕውቅ መጽሐፍ በ1990፥ በ2001፥ በ2009ና በ2022 አራት ጊዜ ታትሟል። አዲስ እትም በወጣ ቍጥር የቀድሞው እትም ዋጋ መውረዱ የተለመደ ነው፤ የስሌት ዘዴ መሠረቱ ደግሞ በየዓመቱ አይለወጥም። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፤ ሐሳብን የሚያስተምር መጽሐፍ ቢያረጅ አይጎዳም፤ መሣሪያን የሚያስተምር መጽሐፍ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ያረጃል።

ሦስተኛው ነገር የመጽሐፉ መለያ ቍጥር ነው። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ በ978 ወይም በ979 የሚጀምር ባለ 13 አኃዝ ቍጥር ይገኛል። ከ2007 በፊት ግን ባለ 10 አኃዝ ነበር። ይህ ቍጥር ለእያንዳንዱ እትም ይለያያል፤ ለጠንካራው ሽፋንና ለስሱ ሽፋንም ይለያያል። ስለዚህ በመጽሐፉ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ እትም ሊያጋጥመው ሲችል፥ በቍጥሩ የሚፈልግ ሰው ግን ያንኑ የፈለገውን ያገኛል። ከሰው ጋር ስትላላኩም የመጽሐፉን ስም ብቻ ሳይሆን ቍጥሩን ጭምር ጻፉ። ከላይ ያነሣነው ወጣት ትክክለኛውን ቍጥር ጽፎ ልኮ ቢሆን ኖሮ የአክስቱ ልጅ አትሳሳትም ነበር።

ቍጥሩ ከታወቀ በኋላ ዋጋ ማወዳደር ቀላል ነው። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው ቡክፋይንደር የተባለው ድረ ገጽ ቍጥሩን ሲቀበል የብዙ ሻጮችን ዋጋ በአንድ ገጽ ደርድሮ ያሳያል። እዚህ ላይ መመልከት የሚገባው የመጽሐፉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመላኪያውን ጭምር ደምሮ ነው። መጽሐፉን በ2 ዶላር አስከፍለው በመላኪያው የሚያካክሱ ሻጮች ሞልተዋል። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፤ ቡክፋይንደርን በ2005 ኤቢቡክስ ገዛው፤ ኤቢቡክስን ደግሞ በ2008 አማዞን ገዛው። ሚዛኑን የያዘው ከሻጮቹ አንዱ ነውና፥ አስተዋይ ገዢ የአሳታሚውን የራሱን ድረ ገጽ ደግሞ ሳይመለከት አይከፍልም። ብዙዎቹ አሳታሚዎች በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቀኖች ዋጋቸውን በብዙ ይቀንሳሉ።

አራተኛው፥ አንድ መጽሐፍ በልዩ ልዩ አገር በልዩ ልዩ ዋጋ እንደሚሸጥ ማወቅ ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ አሳታሚዎች ያንኑ መጽሐፍ ለህንድና ለሌሎች የእስያ አገሮች በስስ ወረቀት አሳትመው በርካሽ ይሸጡታል። ይህ ልዩነት እስከ ታላቁ ፍርድ ቤት አድርሷል። ሱፓፕ ኪርትሳንግ የተባለ የታይላንድ ተማሪ በአሜሪካ ሲማር ዘመዶቹ ከአገሩ በርካሽ እየገዙ የሚልኩለትን መጻሕፍት በአሜሪካ ይሸጥ ነበር። ዋይሊ የተባለው አሳታሚ ከሰሰውና በስምንት መጻሕፍት 600 ሺሕ ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ነገር ግን በማርች 19 ቀን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለተማሪው ፈረደ፤ በሕጋዊ መንገድ ታትሞ የተገዛ መጽሐፍ በየትም አገር ቢታተም ገዢው መልሶ ሊሸጠው ይችላል ሲል ወሰነ። ለእኛም አገር አንባቢ የህንዱ እትም ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ሆኖም የምዕራፉ ተራና የመልመጃው ጥያቄ አንዳንዴ ስለሚለያይ፥ መምህሩ መልመጃ ከመጽሐፉ የሚሰጥ ከሆነ አስቀድሞ ማመሳከር ይገባል።

አምስተኛው በኮምፒዩተር የሚነበበው መጽሐፍ ነው። ይህ የመላኪያ ዋጋና የፖስታ ቤት ወረፋ ስለሌለበት ለእኛ እጅግ ይስማማናል። ሊንፐብ በተባለው መደብር ደራሲው ትንሹን ዋጋ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ መክፈል በገዢው ፈቃድ ነው፤ መጽሐፉ ሲታደስም ገዢው አዲሱን በነጻ ይወስዳል። ሃምብል ባንድል የተባለው ደግሞ ብዙ የሙያ መጻሕፍትን አንድ ላይ አስሮ ለጥቂት ሳምንታት በአነስተኛ ዋጋ ይሸጣል፤ ከገቢውም ከፊሉ ለበጎ አድራጎት ይውላል። ነገር ግን መግዛትና መከራየት የተለያዩ ናቸው። ኦራይሊ የተባለው ዕውቅ አሳታሚ በ2017 በጁን ወር በራሱ መደብር እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ መሸጡን አቁሞ በደንበኝነት ክፍያ ወደ ማስነበብ ዞሯል። በደንበኝነት የሚያነብ ሰው ክፍያውን ያቆመ ዕለት መጽሐፉም ይዘጋበታል። በወር ውስጥ አምስት መጽሐፍ ለሚመረምር ሰው ይህ ትርፍ ነው፤ አንዱን መጽሐፍ ለዓመት ለሚያጠና ሰው ግን ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 40 ዶላር የሚያወጣ መጽሐፍ 2 ሺሕ 280 ብር የነበረው ከ4 ሺሕ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። አሳታሚው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር መጽሐፉ በእኛ ላይ ተወደደ። በዚህ ላይ በብር ካርድ ከውጭ አገር መደብር መግዛት ብዙ ጊዜ አይሳካም። እንግዲህ ለብዙው ወጣት የቀረው መንገድ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ነው። ዘመድን ስናስቸግርም በወግ ይሁን፤ ቍጥሩን፥ እትሙን፥ ያየነውን ዋጋና የሻጩን ስም በአንድ ወረቀት ጽፈን እንላክለት። ከ1 ሺሕ 200 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በሰው ሻንጣ ውስጥ ቀላል ሸክም አለመሆኑንም እናስብ።

ከሁሉ በላይ ግን አባቶቻችን ያስተማሩን አንድ ዘዴ አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አምስት የሥራ ባልደረቦች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ እንደ ዕቁብ በተራ መጽሐፍ ቢገዙና ቢለዋወጡ፥ በዓመቱ እያንዳንዳቸው በአንድ መጽሐፍ ዋጋ አምስቱን ያነባሉ። ደግሞም ከ2014 ዓ/ም ጀምሮ በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ከመግዛት በፊት እዚያ ሄዶ መጽሐፉን መጠየቅ እግርን ብቻ ያደክማል እንጂ ኪስን አይነካም።

ያለ ደራሲው ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን ቅጂ በሚመለከት አንድ ቃል ብቻ እንናገራለን። ችግሩን እናውቃለን፤ የተቸገረውንም ተማሪ አንወቅስም። ነገር ግን በሕግ የተፈቀዱት ነጻ መጻሕፍት ይህን ያህል በበዙበት ዘመን ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት እነዚህን መጨረስ ይገባል። ነገ እኛም የራሳችንን የሙያ መጽሐፍ በአማርኛ ስንጽፍ የድካማችንን ዋጋ የሚያከብርልን አንባቢ እንፈልጋለንና።

ያ ወጣት ሠራተኛ ዛሬ ደኅና ነው። ጓደኛው በነጻ የሚነበበውን የአለን ዳውኒን መጽሐፍ አሳይቶት፥ በዚያ ተምሮ፥ አሁን በመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መዝገብ የሚያመሳክር ትንሽ ፕሮግራም ሠርቷል። የተሳሳተውንም መጽሐፍ አልጣለውም፤ በጠረጴዛው ላይ የኮምፒዩተሩን መስታወት ከፍ አድርጎ ይዞለታል። ለሚጠይቀው ሁሉ «በሕይወቴ ከገዛኋቸው መጻሕፍት ሁሉ የተወደደብኝ ይህ ርካሹ ነው» ይላል።