ክብረ ወሰን አሻሽሎ ሁለተኛ የወጣው የጅቡቲ ሯጭ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ቁልቁል የሚወርደው አሮጌው የባቡር ሐዲድ ጅቡቲ ከተማ ከመድረሱ በፊት ዓሊ ሳቢህን ያቋርጣል። የጅቡቲን ስም ከዓለም የሩጫ አደባባይ ያደረሰው ሁሴን አህመድ ሳላህ በ1949 ዓ.ም. የተወለደው በዚህችው የባቡር ከተማ ነው።

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን ያወጀችው ጅቡቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነበር። በማራቶኑ ጀማ ሮብሌ 8ኛ፣ ሳላህ 20ኛ ወጡ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በሂሮሺማ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ማራቶን ሳላህ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ አንደኛ ሆነ። ጃፓናዊው ናካያማ በ6 ሴኮንድ ተቀደመ፤ ሮብሌ ሦስተኛ ወጣ፤ የቡድኑም ድል የጅቡቲ ሆነ። ያን ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን ብዙም የማይርቅ፣ ዋና ከተማዋም በባሕር ጠረፍ ላይ በሐሩር የምትጠበስ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ድሉን በቀላሉ አይመለከተውም።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ባሸነፈባት ሮማ፣ ሳላህ ጳጉሜን 1 ቀን 1979 ዓ.ም. በዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘ። ወርቁን የወሰደው ኬንያዊው ዋኪሁሪ ነበር።

የሳላህ ታላቁ ሩጫ ግን ሜዳልያ ያልተሰጠበት ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም የኛው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሳላህ ከ17 ሴኮንድ በኋላ ገባ። የቀድሞው የዓለም ክብረ ወሰን፣ ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በ1977 ዓ.ም. በዚያው በሮተርዳም ያስመዘገበው፣ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነበርና ሳላህም በ5 ሴኮንድ አሻሽሎታል። ዴንሳሞ ከፊቱ ባይኖር የክብረ ወሰኑ ባለቤት እሱ በሆነ ነበር። የዴንሳሞ ሰዓት ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይደፈር መቆየቱ የተቀናቃኙን ብርታት ጭምር ያሳያል።

ከአምስት ወር በኋላ ሁለቱ በሴኡል ሊገናኙ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ አልተካፈለችም። መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም. ሳላህ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከፊት ሆኖ ሲመራ ጣሊያናዊው ቦርዲን ደርሶ አለፈው፤ ዋኪሁሪም ተከተለ። ሳላህ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሦስተኛ ሆነ። ዴንሳሞ ቢኖር ኖሮ የነሐሱ ሜዳልያ በማን አንገት ላይ ይውል እንደ ነበር የስፖርት ወዳጆች ይከራከሩበት፤ በዕለቱ ግን የሮጠው ሳላህ ነው።

በ1983 ዓ.ም. በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ከታኒጉቺ ቀጥሎ ዳግመኛ ብር አገኘ። አራተኛውንና የመጨረሻውን ኦሊምፒኩን በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ሮጠ። የሴኡሉ ነሐስ፣ በ2016 ዓ.ም. እስከተካሄደው የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ፣ ለጅቡቲ ብቸኛው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ሆኖ ቆይቷል።