ዜብራ ብቻውን መኪና አያስቆምም

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሚገኙት ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ከሚሴ፣ እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን፣ አውራ ጎዳናውን ይዘው ያደጉ ናቸው። ሱቁም ምግብ ቤቱም የባጃጁ ተራም አስፋልት ዳር ነው፤ ትምህርት ቤቱና ገበያው ደግሞ ለአንዱ ሰፈር ከመንገዱ ማዶ መሆኑ አይቀርም። ሰው በተገጨ ቁጥር «ዜብራ ይቀባ» ይባላል። ቀለም ግን ፍጥነት አይቀንስም። የእግረኛው ዕጣ የሚወሰነው መኪናው ዜብራው ጋ ሳይደርስ፣ ገና ከተማው መግቢያ ላይ ነው።

በሰዓት 80 ኪ.ሜ. የሚበር መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ያን ሁሉ ርቀት ምንም ሳይቀንስ ያልፋል። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነው። የግጭቱ ጉልበትም በ80 ሲሆን በ30 ከሚሆነው ሰባት እጥፍ ነው። ዜብራው አፍ ላይ ሚኒባስ ተሳፋሪ እያወረደ ከሆነ ደግሞ፣ በፊቱ የሚሻገረው ልጅና ከኋላ የሚመጣው ሹፌር የሚተያዩት በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው።

ጥፋቱ የእግረኛው ስለሆነ ማስተማር ይሻላል የሚሉ አሉ። ትምህርት ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ የሚመጣን መኪና ፍጥነት በቅጡ መገመት አይችልም፤ ሸክም ያዘሉ እናትም ሮጠው አያመልጡም። በጋና፣ በአክራ–ኩማሲ አውራ ጎዳና ሱሁም መገንጠያ ላይ፣ ጎማ የሚያንገጫግጩ መስመሮች ከተሠሩ በኋላ አደጋው በ35 በመቶ፣ ሞቱ በ55 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የተለወጠው መንገዱ ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሹፌሮችና የባለንብረቶች ነው፦ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጉዞ ያጓትታል፣ መኪና ይሰብራል። ሁለት ኪሎ ሜትር ከተማ በ80 ሲታለፍ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ በ30 ሲታለፍ አራት ደቂቃ ይወስዳል። ልዩነቱ አሥር ከተማ ላይ 25 ደቂቃ ነው፤ ኪሳራ መሆኑ አይካድም፣ ከሰው ሕይወት ጋር ግን አይመዘንም። ስለ ስብራቱ ግን እውነት አላቸው። አደጋ ያስመረረው ነዋሪ በአፈርና በድንጋይ የሚሠራው፣ ምልክትም ቀለምም የሌለው ጉብታ ለሹፌሩ ወጥመድ ነው። ይህ የሚያሳየው ጉብታ አለማስፈለጉን ሳይሆን በባለሙያ መሠራት እንዳለበት ነው፦ መጀመሪያ የፍጥነት ምልክት፣ ቀጥሎ የሚያንገጫግጩ መስመሮች፣ ከዚያ ልኩን የጠበቀ ከፍ ያለ መሻገሪያ፣ ሚኒባስ የሚቆምበትም ከእሱ ራቅ ብሎ። አስፋልት ሲነጠፍ ወይም ሲጠገን ይህ ሥራ ከመጀመሪያው በኮንትራቱ ውስጥ ይግባ፤ ሰው ከሞተ በኋላ በአቤቱታ የሚለመን መሆን የለበትም።