የጆሮ ጩኸት በጊዜ ብዛት ይቀንሳልን? «ልመደው» ስለሚለው ምክር አጭር ዳሰሳ

ከወፍጮ ቤት ወይም ከሠርግ ድንኳን ድምፅ ማጉያ አጠገብ ረጅም ሰዓት ቆይቶ የወጣ ሰው ጆሮው ጭው ይልበታል። ብዙውን ጊዜ ሌሊቱ ሲያልፍ ድምፁም ያልፋል፤ ሰውየውም ይረሳዋል። ለአንዳንዱ ግን በማግሥቱም፣ በወሩም፣ በዓመቱም አለ። ከውጭ ምንጭ የሌለውና ሰሚው ብቻ የሚሰማው ይህ ድምፅ በሕክምና መጠሪያው ቲኒተስ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «የጆሮ ጩኸት» እያልን እንጠራዋለን። አንዱ እንደ ፌንጣ ሲር ሲል ይሰማዋል፤ ሌላው እንደ ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም፤ ሌላው እንደ እንፋሎት ሲያፏጭ። በ2022 ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ሜታ አናሊሲስ ከአዋቂዎች 14 በመቶ ያህሉ የጆሮ ጩኸት እንደሚያጋጥማቸው፣ 2 በመቶ ያህሉም በብርቱ እንደሚሠቃዩበት ገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዚህ ድምፅ ጋር አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጀመሪያው ወር ያየኝ ሐኪም የመስማት ምርመራዬን ውጤት ተመልክቶ «መስማትህ ደህና ነው፤ ጩኸቱን ልመደው» ብሎ አሰናበተኝ። ምክሩ ስሕተት እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የሚለመደው ምን እንደሆነ፣ ልማዱም በምን መንገድ እንደሚመጣ አልተነገረኝም፤ ከምርመራ ክፍሉም የወጣሁት «መድኃኒት የለህም» እንደተባለ ሰው ሆኜ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ጉድለት ነው። «ይቀንሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች ይዟል፤ ሁለቱም የተለያየ መልስ አላቸው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ጩኸቱ በጆሮ ውስጥ የሚሰማ ቢሆንም መኖሪያው ጆሮ ብቻ እንዳልሆነ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሁሉ ግልጹ የተገኘው ከቀዶ ሕክምና ነው። ሃውስና ብራክማን በ1981 ባቀረቡት ዘገባ በመስማት ነርቭ ላይ ያደገ እጢ ከወጣላቸው ሕሙማን መካከል የጩኸቱ መሻል የታየው በ40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ብሶባቸዋል። ከጆሮ ወደ አእምሮ የሚወስደው መስመር ተቆርጦ እንኳ ድምፁ ከቀጠለ፣ ምንጩን በጆሮ ውስጥ ብቻ መፈለግ አይበቃም ማለት ነው።

ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንዲህ ይላል። በውስጠኛው የጆሮ ክፍል በኮክሊያ የሚገኙት ፀጉራማ ሕዋሳት ወይም ከነርቭ ጋር የሚያገናኟቸው ሲናፕሶች ሲጎዱ ወደ አእምሮ የሚደርሰው መልእክት ይሳሳል። አእምሮም የጎደለውን ለማካካስ የራሱን የማጉላት ኃይል ከፍ ያደርጋል። ጣቢያው ሲደክምበት የሬዲዮኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የሞገዱን ሹሹታ እንደሆነ ሁሉ፣ አእምሮም የገዛ ነርቮቹን መደበኛ እንቅስቃሴ እንደ ድምፅ መስማት ይጀምራል።

«መስማትህ ደህና ነው» የተባለውስ? ኩጃዋና ሊበርማን በ2009 ባሳተሙት ጥናት አይጦችን ለሁለት ሰዓት 100 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ ውስጥ አቆዩአቸው። የአይጦቹ የመስማት አቅም በቀናት ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በከፍተኛ የድምፅ ሞገድ አካባቢ ከነበሩት ሲናፕሶች ግን ግማሽ ያህሉ ጠፍተው ቀሩ። ሼቴና ማክአልፓይን ደግሞ በ2011፣ ኦዲዮግራማቸው ጤናማ በሆነ የጆሮ ጩኸት ባለባቸው ሴቶች ላይ ከመስማት ነርቭ የሚነሣው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሞገድ ቀንሶ፣ ወደ አእምሮ ጠልቆ የሚነሣው ሞገድ ግን መደበኛ ሆኖ አገኙት። ይህም ከላይ ከተገለጸው የማካካስ ሐሳብ ጋር ይስማማል። ስለዚህ የጤናማ ኦዲዮግራም ትርጉም ውስን ነው፤ ሰውየው በጣም ደካማ ድምፆችን ለይቶ ይሰማል ከማለት በላይ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ለመቀነሱ ተስፋ ምክንያቱ ራሱ ወሳኝነት አለው። ለወባ ኩዊኒን የወሰደ ሰው ጆሮው ቢጮህበት፣ መድኃኒቱ ሲቆም ጩኸቱም ዘወትር ያልፋል፤ በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም እንደዚሁ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሲሰጡ የኖሩት እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ካናማይሲን ያሉ መርፌዎች ግን ፀጉራማ ሕዋሳቱን ይገድላሉ፤ በሰው ልጅ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ተመልሰው አይበቅሉም። በኩክ የተደፈነ ጆሮ ሲጸዳ ጩኸቱ ሊጠፋ ይችላል። ለዓመታት በሽመና ፋብሪካ ጩኸት የተጎዳ ጆሮ ጉዳይ ሌላ ነው።

ቁጥሮቹና የቆርቆሮ ጣራው

ሥር የሰደደውን ዓይነት ብቻ እንያዝ። ዳውስና ባልደረቦቹ በ2020 ከብሪታኒያው ዩኬ ባዮባንክ መረጃ ወስደው ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያው መጠይቅ የጆሮ ጩኸት አለብን ካሉት ሰዎች 18 በመቶ ያህሉ ከአራት ዓመት በኋላ የለብንም ብለዋል። ከቀጠለባቸው መካከል የተሻላቸውና የባሰባቸው እኩል፣ እያንዳንዳቸው 9 በመቶ ገደማ ነበሩ። የተቀሩት ባሉበት ናቸው። ፊሊፕስና ባልደረቦቹም በ2018 በተለያዩ ሙከራዎች ሕክምና ሳይሰጣቸው የተጠባበቁትን ቡድኖች ብቻ ሰብስበው ሲመረምሩ በጊዜ ሂደት መሻሻል አግኝተዋል፤ ነገር ግን በስታቲስቲክስ የሚታይ ሆኖ በሕሙማኑ ኑሮ ትርጉም ለመስጠት እጅግ ትንሽ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ሁለት ነገሮችን መጠርጠር ይገባል። የመጀመሪያው በስታቲስቲክስ ትምህርት የምናውቀው ወደ አማካይ የመመለስ ጠባይ ነው። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ወይም ለጥናት የሚመዘገበው ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግለትም ቀለል ብሎት የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጎረቤት ያዘዘው ቅጠልም ሆነ ከውጭ የመጣ ውድ እንክብል «ሠራልኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛውን የተማርኩት ከቤቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጩኸቱ እየለቀቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለእናቴም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለኝ» ብዬ ደውዬላታለሁ። የምኖርበት ቤት ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድበት ያድራል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ጩኸቱ ተመለሰ። በእርግጥ የትም አልሄደም፤ ዝናቡ ሸፍኖት ነበር። የመነሻ መለኪያውን በመስከረም፣ የመጨረሻውን በሐምሌ የወሰደ ጥናት ቢኖር ጣራዬን እንደ ፍቱን ሕክምና በቆጠረው ነበር። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው፦ ዝቅ ባለ ድምፅ የተከፈተ ሬዲዮ፣ ማራገቢያ ወይም የዝናብ ቅጂ ለእንቅልፍ የሚረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ፍጹም ጸጥታ ለጆሮ ጩኸት የሚመች አዳራሽ ነው። ሄለርና በርግማን በ1953 መስማታቸው ጤናማ የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ለደቂቃዎች ሲያስቀምጡ 94 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ድምፅ እንደሰሙ ተናግረዋል።

«ቻለው» እና «ለመደው»

የሄለርና የበርግማን ውጤት ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ድምፁ ይህን ያህል ለሁሉም ቅርብ ከሆነ፣ አንዱ ሰምቶ ሲያልፈው ሌላው እንቅልፍ የሚያጣበት ለምንድን ነው? ቀላሉ ግምት የሁለተኛው ድምፅ ይበልጥ ይጮሃል የሚል ነው። ግምቱ አይጸናም። ሕሙማን የጩኸታቸውን ያህል የሆነ የውጭ ድምፅ እንዲመርጡ ሲደረግ የሚመርጡት ዘወትር ከመስማት መነሻቸው በጥቂት ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያለ፣ ከሹክሹክታ ብዙም የማይርቅ ድምፅ ነው። ልኩም ከሥቃያቸው ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው።

ሃላም፣ ራክማንና ሂንችክሊፍ በ1984 ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ያብራራል። እንደ እነርሱ አስተያየት አእምሮ የማይለወጥና ትርጉም የሌለው ድምፅን ችላ ማለት ተፈጥሮው ነው፤ ስለዚህ ሊብራራ የሚገባው አለመልመድ ነው። ያስትሬቦፍ በ1990 ባሳተመው ሥራ የዚህን መሰናክል ሥነ ሕይወታዊ መንገድ ጠቆመ። ድምፁ ከስጋት ጋር ሲቆራኝ የስሜት ማዕከል የሆነው የሊምቢክ ሥርዓትና የልብ ምትንና ላብን የሚቆጣጠረው አውቶኖሚክ የነርቭ ሥርዓት አብረው ይነቃሉ፤ ሰውነት በተነቃ ቁጥር አእምሮ ድምፁን ይበልጥ ያድናል፤ ባደነው ቁጥርም ሰውነት ይነቃል። አስፋልት ዳር የሚኖር ሰው የከባድ መኪና ጉርምርምታ አይቀሰቅሰውም፤ የገዛ አጥሩ በር ሲንቋቋ ግን ብድግ ይላል። ልዩነቱን ያመጣው ድምፁ የሚሰጠው ትርጉም ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚያግዘን ይመስለኛል። «ቻለው» እና «ለመደው» አንድ አይደሉም። የቻለ ሰው ሸክሙን በየደቂቃው ያውቀዋል፤ ተሸክሞታልና። የለመደ ሰው ግን ሸክም መኖሩን የሚያውቀው ሲያስታውሱት ነው። «ልመደው» የተባልኩ ጊዜ የሰማሁት «ቻለው» የሚለውን ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉም ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። በየማለዳው ከመነሣቴ በፊት «ዛሬስ ቀንሷል?» ብዬ አዳምጣለሁ። ይህ ማዳመጥ ራሱ ለአእምሮዬ «ይህ ድምፅ አስፈላጊ ነው፣ ጠብቀው» የሚል የየዕለት ትእዛዝ እንደነበር የተረዳሁት ከላይ የጠቀስኳቸውን ሥራዎች ሳነብ ነው።

በሙከራ የተደገፈው ሕክምናም የሚያነጣጥረው በዚህ ላይ ነው። ሲማና ባልደረቦቿ በ2012 በላንሴት ባሳተሙት፣ 492 ሰዎች በተሳተፉበት የኔዘርላንድ ሙከራ፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን መሠረት ያደረገ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ እንክብካቤ ያገኙት ከተለመደው አገልግሎት ተጠቃሚዎች ይልቅ ከዓመት በኋላ የተሻለ ኑሮ ላይ ተገኝተዋል። በ2020 የወጣው 28 ጥናቶችን የገመገመው የኮክሬን ዳሰሳም ይኸው ሕክምና ጩኸቱ በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና እንደሚቀንስ ደምድሟል። ጊንኮ ቢሎባን ግን የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ የ2014 መመሪያ ለዚህ ችግር እንዳይታዘዝ ይመክራል። በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ በቀላሉ በማይገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ አንደርሾንና ባልደረቦቹ በስዊድን ሞክረው በ2002 ያሳተሙት በኢንተርኔት የሚሰጥ የዚሁ ሕክምና ዓይነት ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው እላለሁ።

«ልመደው» የማይባልበትም ጊዜ አለ። ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ምርመራ ያስፈልገዋል። መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከቀነሰ ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ የስቴሮይድ ሕክምና ሊረዳ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነውና። «ይለቀኝ ይሆናል» ብሎ ወር የጠበቀ ሰው ያን ዕድል ያጣል።

በዚህ ርእስ ላይ በአማርኛ መረጃ ለመሰብሰብ ለሚያስቡ የትምህርት ባልደረቦቼ አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ አለኝ። በ1996 የተዘጋጀው የጆሮ ጩኸት ጉዳት መለኪያም ሆነ በ2012 የወጣው ተከታዩ እያንዳንዳቸው 25 ጥያቄዎች አሏቸው፤ ሁለቱም ከዜሮ እስከ መቶ ነጥብ ይሰጣሉ። ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ጩኸቱ ተሻለዎት ወይ?» የሚል አጠቃላይ ጥያቄ ብንጨምርባቸው መላሹ ስለ ድምፁ ይመልስ ወይስ ስለ ኑሮው አናውቅም። እኔ ራሴ ብጠየቅ «ድምፁ ምን ያህል ይጮሃል?» ለሚለው ከአራት ዓመት በፊት የሰጠሁትን ቁጥር ዛሬም እደግመዋለሁ። «ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነሣዎት?» ለሚለው መልሴ በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድም የለም።