ተራራ የሚቀርጠው ጉልበት

ሁለት ሰው ስለ ባለ ፎር ዊል መኪና ክርክር ከገጠመ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ፈረስ ጉልበት ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዱ የአዲሱን መኪና ቁጥር ከስልኩ ያነባል። ሌላው «ቁጥሩን ተወውና፣ ጉልበት የነበረው የድሮው ሞተር ነው» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ያ ቁጥር የት ቦታ ተለካ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ደጋ ላይ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ለማንኛውም ቁጥሮቹን እናስቀምጣቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ፣ ዊሊስ፣ 2.2 ሊትር ሞተሩ 60 ፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1948 አምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ የቀረበው የመጀመሪያው ላንድሮቨር 1.6 ሊትር ሆኖ 50 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ቶዮታ በ1951 የሠራት፣ በኋላ ላንድክሩዘር የሚለው ስም የወጣላት ቢጄ 85 ነበራት፤ በዚያው ዓመት ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥታበታለች። ወደ ዛሬ እንምጣ። ላንድክሩዘር 300 በናፍጣ 309፣ በቤንዚን 415 ፈረስ ጉልበት አለው። በ2020 ገበያ የገባው የላንድሮቨር ዲፌንደር ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚኑ 400 ነው። ከአያቱ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። እጥፉ ግን እንዲሁ አይወሰድም። አያትየው ወደ 1,200 ኪሎ ነበር የሚመዝነው፤ ረጅሙ ዲፌንደር ከ2,300 ኪሎ በላይ ነው። ክብደት ሲካፈል ስምንቱ እጥፍ ወደ አራት ይወርዳል።

የድሮውን ቁጥር በጥርጣሬ ለማየት ሌላም ምክንያት አለ። አሜሪካኖች እስከ 1971 ድረስ የሞተርን ጉልበት የሚለኩት ቬንቲሌተሩን፣ ዲናሞውን፣ የአየር ማጣሪያውንና ማርሚታውን አውልቀው፣ ሞተሩን ለብቻው ማስነሻ ላይ አቁመው ነበር። ከ1972 ጀምሮ መኪናው ላይ እንዳለ፣ ሸክሙን ሁሉ እንደተሸከመ መለካት ሲጀምሩ ያው ሞተር በወረቀት ላይ በአንድ ሌሊት ከሳ። ጃፓኖችም ወደዚህኛው አለካክ የተሻገሩት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ የ1960ዎቹን የላንድክሩዘር መግለጫ ይዞ ከዛሬው ጋር ማስተያየት የመስፈሪያው ስፋት የተለያየ ቁና ይዞ ገበያ እንደመውጣት ነው።

ጉልበትና ፍጥነት ለየቅል መሆናቸውን ሹፌር ሁሉ ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። ሞተር ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ቶርክ ነው፤ ፈረስ ጉልበት ማለት ቶርኩ በደቂቃ ዙሩ ሲባዛ የሚገኘው ነው። የመጀመሪያው ላንድሮቨር በ50 ፈረስ ጉልበት ዳገት የወጣው ቶርኩን ካምቢዮው ስላበዛለት ነው። በ1971 የወጣውን ሦስተኛውን የላንድሮቨር ትውልድ ብንወስድ አንደኛ ማርሹ 3.68 ጊዜ፣ የረዳት ካምቢዮው ከባድ ማርሽ 2.35 ጊዜ፣ ዲፈረንሻሉ 4.7 ጊዜ ያበዛል፤ ባንድ ላይ ሲባዛ ወደ 41 ጊዜ ነው። «አዲሶቹ ይህ የላቸውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠቅስለት ጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ነው፤ በእጅ የሚቀየረው ማርሹ 84 ጊዜ ያበዛል። ይልቅ የሚያናድደኝ ያ ሁሉ ብዜት ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ከባዱን ማርሽ አንድም ቀን የማያስገቡ ሰዎች ናቸው። ጭቃ ውስጥ በተራ ማርሽ ፍሪሲዮን ያቃጥሉና «ይሄ መኪና ጉልበት የለውም» ይላሉ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ ከፍታ።

የመኪና መግለጫ ላይ የሚጻፈው ጉልበት የባሕር ወለል አየር ታስቦ የተሰላ ነው። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፤ ነዳጁን የሚያቃጥለው አየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ አየሩን በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተር ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያጣል። ባለ 285 ፈረስ ጉልበቱ ራንግለር፣ ያ 3.6 ሊትር ቤንዚኑ ቱርቦ የለውምና፣ መስቀል አደባባይ ሲደርስ ወደ 220 ወርዷል። ገዢው ግን የከፈለው ለ285 ነው። ስለ ጉምሩክ ቀረጥ የማያማርር የመኪና ባለቤት የለም፤ ተራራው ስለሚቀርጠው ሲያማርር የሰማሁት ግን የለም።

ወደ ባሌ እንውጣ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳኔቲን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ያቋርጣል፤ ከዚያ የምትነጠለው መንገድ ቱሉ ዲምቱ አናት፣ 4,377 ሜትር ላይ ታደርሳለች። አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ በላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ስንሄድ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ መጎተት ጀመረ። «ጋሼ፣ ታሞ ነው እንዴ?» አልኩ። ሹፌራችን እጁን ከመሪው ሳያነሣ «ሞተሩ ደህና ነው ልጄ። እዚህ አየር የለም፤ ከባዱን አስገብቶ በትዕግሥት መሄድ ነው» አሉኝ፤ ወዲያው ሁለተኛ አስገቡ።

ልክ ነበሩ፤ ሒሳቡም ይመሰክርላቸዋል። የሃርድቶፑ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር በ1990 የወጣ ሲሆን ቱርቦ የለውም። ወረቀቱ ወደ 130 ፈረስ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ያ የሚገኘው ግን ወደ 3,800 ዙር ሲጮህ ነው፤ ዳገት ላይ እንዲህ የሚያስጮኸው የለም። ትልቁን ቶርኩን፣ 285 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው በ2,200 ዙር ነው። እዚያ ላይ ሲሰላ ወደ 90 ፈረስ ጉልበት ይሆናል። ከዚህ ላይ ሳኔቲ ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል፤ የሚቀረው 60 ቢደርስ ነው። የዊሊስ ጂፕ ጉልበት! ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ እድገት ተራራው ባንድ ጊዜ ወሰደው ማለት ነው። ጭሱም ምስጢር የለውም፤ ፓምፑ ነዳጁን እንደ ቆላው ይሰጣል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አንሷል። አንዳንዱ ፓምፕ ለከፍታ ነዳጁን የሚቀንስ መሣሪያ አብሮት ይመጣል። የእኛ ሰው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ «ጉልበት አነሰኝ፣ ፓምፑን ክፈትልኝ» ብሎ ጋራዥ ይገባል። የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ነዳጅ መጨመር ጭሱን ያበዛል፣ ሞተሩን ያግላል፣ ኪስን ያራቁታል። እባካችሁ ያቺን ብሎን ተዉአት።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ቱርቦ ነው። ብዙ ሰው ቱርቦን የፍጥነት ጌጥ ያደርገዋል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ከፍታ ነው። ሐሳቡን ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኪ በ1905 በፓተንት አስመዝግቦት ነበር። በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ ወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ጥቂት ያንሳል። ሞተሩ ቆላ ላይ 350 ፈረስ ጉልበት ነበረው። እዚያ አናት ላይ ሲያስነሡት 230 ሆነ፤ አንድ ሦስተኛው ጠፋ። በራሱ ጭስ የሚሽከረከረውን፣ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባውን ቱርቦ ሲያገናኙለት 356 ሰጠ። የተነጠቀውን ከነወለዱ አስመለሰ።

ለዚህ ነው በድሮና በዘመናዊ መኪና መካከል የሚሰመረው መስመር ቦታው ተሳስቷል የምለው። ደጋ ላይ የሚለየው የምርት ዓመቱ አይደለም። በ1990 ላንድክሩዘር 80 ውስጥ የገባው ባለ ቱርቦ 4.2 ናፍጣ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ከተራራው ጋር ግን ይግባባል። ያ ቱርቦ የሌለው ሃርድቶፕ ደግሞ እስካሁን አዲስ ሆኖ ለእርዳታ ድርጅቶች ይሸጣል። 2.8 ሊትሩ አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ በሞተር መጠን ከሃርድቶፑ እጅግ ያንሳል፤ የሚሰጠው ቶርክ ግን 500 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያውም ከ1,600 ዙር ጀምሮ። «የድሮው ከታች ይስባል፣ አዲሱ ካልጮኸ አይስብም» የሚለው አባባል በቤንዚን መኪና ጊዜ እውነት ነበር፤ ለዛሬ ናፍጣ ግን አይሠራም።

ለድሮው ወዳጆች የምሰጠው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ቱርቦ የሚነቃው ጭሱ ሲበረታ ስለሆነ ከ1,200 ዙር በታች እንቅልፋም ነው፤ ደጋ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ድንጋይ ላይ እግርን ከነዳጅ አንሥቶ በሞተሩ ትንፋሽ ብቻ መውጣት ሲፈለግ ቱርቦ የሌለው ትልቅ ናፍጣ እስካሁን የሚወደድ ነው። ሁለተኛው፣ አዲሱ ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው ከ2,000 ባር በሚበልጥ ግፊት፣ ለዓይን በማትታይ ቀዳዳ ነው። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ፣ ውኃና አፈር ያለበት ናፍጣ አሮጌውን ያስነጥሰዋል፤ አዲሱን ይገድለዋል። ጥፋቱ የሞተሩ ተደርጎ ሲወራ ግን ያመኛል። ጀሪካኑን ማጣራት የማይሆንለት ሰው አሮጌውን ይያዝ።

ስለ ቁልቁለት ብዙ የምለው ነበረኝ፤ አንዱን ብቻ ልናገር። ዓባይ በረሃን ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በባዶ ማርሽ የሚወርድ ሰው ስለ ሞተር ጉልበት ለማውራት መብት የለውም። ሞተር ሲወርዱም ይሠራል፤ መኪናውን ይዞ ያስቀራል።

ቆላው ደግሞ የተቀማውን ይመልሳል። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ሳኔቲ ላይ ሲያቃስት የነበረው ሃርድቶፕ እዚያ ጉልበቱን ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ያ ሙቀት አየሩን መልሶ ባያሳሳበት። ስለዚህ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ «ስንት ፈረስ አለው መሰላችሁ?» ሲላችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፤ በስንት ዙር? በስንት ሜትር ከፍታ? ቱርቦ አለው ወይስ የለውም? ሦስቱን የመለሰላችሁ ሻጭ ካገኛችሁ ለዋጋው ብዙ አትከራከሩት።