የሽንኩርቱ ሞለኪውል በኮምፒውተር ሲመረመር

ቀይ ሽንኩርት ሲላጥ ከደረቁ ልጣጭ ጋር የሚጣለው የላይኛው ሽፋን ኬርሴቲን የተባለው ውህድ በብዛት ያለበት ነው። ሞለኪውሉ 15 የካርቦን፣ 10 የሃይድሮጂንና 7 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። ከአሥሩ ሃይድሮጂኖች አምስቱ ከኦክስጅን ጋር ተያይዘዋል፤ አንቲኦክሲዳንት ያሰኙትም እነዚሁ አምስቱ ናቸው።

ፍሪ ራዲካል ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ስላለው ካገኘው ሁሉ ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ነጣቂ ይሆናል። ኬርሴቲን ሃይድሮጂኑን ሰጥቶ ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል። ራሱም ራዲካል መሆኑ አይቀርም፤ ግን ብቸኛው ኤሌክትሮን በሞለኪውሉ የአቶም ቀለበቶች ላይ ስለሚሰራጭ ረጋ ያለ ነው።

ከአምስቱ ቀድሞ የሚላቀቀው የትኛው ነው? በቤተ ሙከራ ዲፒፒኤች የተባለ ራዲካል የሟሟበት ሐምራዊ ፈሳሽ ቢጫ ሲሆን ውህዱ መሥራቱ ይታወቃል፤ ሃይድሮጂኑ ከየት እንደተነሣ ግን ቀለሙ አይናገርም። ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተመራማሪው የሙሉውን ሞለኪውል ጉልበት ያሰላል፤ ከዚያ አንዱን ሃይድሮጂን ነቅሎ የተለያዩትን የሁለቱን ጉልበት ያሰላል። ልዩነቱ ትስስሩን ለመበጠስ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ተራው ፌኖል በሞል 87 ኪሎካሎሪ ገደማ ሲጠይቅ ቫይታሚን ኢ 78 አካባቢ ይበቃዋል። በኬርሴቲን ላይ ለጋሶቹ በአንድ ቀለበት ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ ሲሰጥ ጎረቤቱ በሃይድሮጂን ትስስር ይደግፈዋል። በውሃ ውስጥ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ፣ ፕሮቶኑ ቀድሞ ወጥቶ ኤሌክትሮኑ ሊከተል ይችላል።

እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ለየብቻ መከተል ለኮምፒውተርም ከባድ ነው። ዋልተር ኮን የኤሌክትሮኖቹን እፍጋት ማወቅ እንደሚበቃ አሳየ፤ ጆን ፖፕል የስሌት ዘዴዎቹን ኬሚስቶች ሊጠቀሙባቸው በሚችሉ ፕሮግራሞች አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ።

ስሌቱን አደንቃለሁ፤ ከስሌቱ ተነሥቶ «ተስፋ ሰጪ መድኃኒት» ማለትን ግን አልቀበልም። አንጀትና ጉበት ኬርሴቲን ሲደርሳቸው ሃይድሮጂን ሰጪ ቦታዎቹ ላይ ሌላ ነገር እየለጠፉ ይለውጡታል፤ ወደ ደም የሚገባውም ጥቂት ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት አቅም የሚዘረዝረውን ሰንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አንሥቷል፤ አንዱ ምክንያት ነጋዴዎች ቁጥሩን ለማስታወቂያ ማዋላቸው ነበር። እናም «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ብልቃጥ ሲቀርብልዎ የተለካው በኮምፒውተር፣ በቤተ ሙከራ ወይስ በሰው ላይ እንደሆነ ይጠይቁ።