ተጨማሪ መረጃ፦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ቴሌቪዥን

የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚኖረው መንግሥት ወይም ነጋዴ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ፣ አቴንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ደብልዩ ኦ ዩ ቢ የተባለውን የቴሌቪዥን ጣቢያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አገር አቀፉ የሕዝብ ቴሌቪዥን መረብ ፒ ቢ ኤስ እንኳ ሥራ የጀመረው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

አካባቢው የአፓላቺያ ኮረብታማ ገጠር ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ኮረብታ ይጋርደዋል፤ ስለዚህ በኬምብሪጅ (በኦሃዮዋ እንጂ በእንግሊዟ አይደለም) ሁለተኛ ማሰራጫ ተተከለ።

ከሁሉ ደስ የሚለው ሥራውን የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ ሲታወቅ ነው። በመኸር ወራት፣ ዓርብ ማታ፣ ካሜራ የተሸከሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየትንንሹ ከተማ እየዞሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ይቀርጻሉ። ከዚያ ወደ አቴንስ ይከንፉና በዚያው ሌሊት አቀናብረው ለተመልካች ያቀርቡታል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ዞር ብለው የማያዩት የገጠር ልጅ ነጥብ ሲያስቆጥር መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ ቀራጩም ሙያውን እዚያው ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ኮንግረስ እንደ ደብልዩ ኦ ዩ ቢ ላሉ የሕዝብ ጣቢያዎች ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰርዟል። ጉዳቱ የሚበረታው እንዲህ ባሉት የገጠር ጣቢያዎች ላይ ነው።