«ለጊዜው» የተባለው ሃምሳ ዓመት

የፊሊፒንስ መንግሥት ዜጎቹን ለሥራ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው ለጊዜው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የነዳጅ ዋጋ ንሮ ማኒላን የውጭ ምንዛሪ ቸግሯት ነበር፤ ሥራ ፈቱም በዝቷል። በዚያው ነዳጅ የከበሩት የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ መንገድና ሕንፃ የሚሠራላቸው ጉልበት ይፈልጋሉ። ፈርዲናንድ ማርኮስ በዚያ ዓመት ባወጁት የሠራተኛ ሕግ ሰው መላክ የመንግሥት ሥራ ሆነ። ኢኮኖሚው እስኪያገግም የታሰበው ማስታገሻ ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው። በ2024 ብቻ ሠራተኞቹ በባንክና በሐዋላ የላኩት ገንዘብ ከ34 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 7.5 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ገቢ የለመደ መንግሥት «ይብቃን» ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

መጀመሪያ የታሰበውም ለሠራተኛው ሳይሆን ለዶላሩ ነበር። በ1982 የወጣ ትእዛዝ ውጭ ያሉት ሁሉ እንደየሙያቸው ከደመወዛቸው ከ50 እስከ 80 በመቶውን በባንክ እንዲልኩ አስገደደ፤ ያልላከ ፓስፖርቱ አይታደስለትም። ሳይታዘዙም ለቤተሰባቸው ይልኩ የነበሩት የሆንግ ኮንግ የቤት ሠራተኞች ተደራጅተው ተቃወሙ፤ በ1985 ቅጣቱ ቀረ። ያን ጊዜ የመሠረቱት ኅብረት ዛሬም አለ።

እነዚህን ሴቶች ማየት የፈለገ እሑድ ቀን ሴንትራል ወደሚባለው የባንኮች ሰፈር ብቅ ይበል። የሳምንት ዕረፍት በሕግ ስለተከበረላቸው በየድልድዩና በየሕንፃው ሥር ካርቶን አንጥፈው ይውላሉ፤ ምሳ ይቋደሳሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ በቪዲዮ ከልጆቻቸው ጋር ያወራሉ፣ ወደ አገር የሚላከውን ትልቅ ሳጥን በፕላስተር ያሽጋሉ። ሳሙና፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቸኮሌት፣ በግምት የተገዛ የልጅ ጫማ የሚታጨቅበት ይህ ሳጥን ፖለቲካም አለው፤ በ2015 የፊሊፒንስ ጉምሩክ እየከፈትኩ እፈትሻለሁ ቢል አገር ምድሩ ተንጫጫ፣ ፕሬዚዳንቱ አስቆሙት፣ በዓመቱ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው መጠን በሕግ ከፍ አለ። ማታ ሁሉም ወደየአሠሪዎቻቸው ቤት ይመለሳሉ፤ ሌላ ቦታ ማደር አይፈቀድም። ውሏ የተቋረጠባት በ2 ሳምንት ውስጥ ከተማዋን መልቀቅ አለባት፤ ስለዚህ ክፉ አሠሪ የገጠማት ብዙውን ጊዜ ችላ ትኖራለች።

ለሠራተኛው የሚቆም ሕግ የመጣው አስከሬን እየተከተለ ነው። በ1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለችውን የቤት ሠራተኛ በነፍስ ግድያ ሰቀለች። ብዙ ፊሊፒናውያን ንጹሕ ናት ብለው ያምኑ ነበርና ቁጣው መንግሥትን አናወጠ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥራ ለቀቁ፤ 3 ወር ሳይሞላ የስደተኛ ሠራተኞች ሕግ ጸደቀ። በ2006 ደግሞ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በወር ከ400 ዶላር እንዳያንስ፣ ኤጀንሲም ከእሷ የምልመላ ክፍያ እንዳይቀበል ተወሰነ። በ2018 አንዲት ሠራተኛ ኩዌት ውስጥ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሞታ ስትገኝ ማኒላ ወደዚያ ሰው መላክ አቆመች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በተፈረመው ስምምነት አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝ፣ ስልክም እንዳይቀማ ተደነገገ።

የ400 ዶላሩ ጉዳይ እኛንም ነክቷል። በ2011 ሳዑዲ ዓረቢያ የፊሊፒንስንና የኢንዶኔዥያን ጥያቄ አልቀበልም ብላ ከሁለቱ የቤት ሠራተኛ መውሰድ አቆመች፤ ፊቷን ካዞረችባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በቀጣዩ ዓመት በሕጋዊ መንገድ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ባነሰ ደመወዝ ወደ ዓረብ አገር ወጡ። በዚያው በ2012 ሳዑዲ በ400 ዶላሩ ተስማምታ የፊሊፒንሱን በር መልሳ ከፈተች። አንዱ አገር ሲከራከር ሌላው በርካሽ ከቀረበ ድርድሩ ይጓተታል እንጂ አሠሪው አይቸገርም።

ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ ኪስ አይገባም። ማኒላ የተፈረመው ውል እዚያ ሲደርሱ በሌላ የሚተካበት ጊዜ ብዙ ነው። እገዳ ሲጣል ደላላው በቱሪስት ቪዛ ያሾልካል።

መርከበኞቹ ይሻላሉ፤ ከዓለም መርከበኞች መካከል ፊሊፒናውያን ብዙ ናቸው፣ ደመወዙም ደህና ነው። ነርሶቹም እንደዚሁ፤ ችግሩ የአገር ቤት ሆስፒታል ባዶ መቅረቱ ነው። በ2020 ኮቪድ ሲገባ መንግሥት ነርሶች እንዳይወጡ አገደ፣ ኋላም በዓመት 5,000 ብቻ እንዲሄዱ ፈቀደ። አያት ጋ ያደገችው ልጅ እናቷ በላከችው ገንዘብ ነርስነት ተምራ ሰልፉ ላይ ስትቆም ማን ምን ሊላት ይችላል?

በ2021 መጨረሻ በወጣ ሕግ ስደተኛ ሠራተኞች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመላቸው። ይኸው ሚኒስቴር በ2025 የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ400 ወደ 500 ዶላር ከፍ እንደሚል አስታውቋል፤ ለ19 ዓመት ሳይነካ የቆየ ቁጥር ነበር።